ነጩን ጨርቅ ማን ሰቀለው?

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ድልድይ ተከፈተ የሚባለው መቀስ ሪባን ሲቆርጥ ነው ወይስ መኪና ጭነቱን ይዞ ሲያልፍበት? መልሱ ቀላል የሚመስለው ካለ፣ ያን ዕለት ጠዋት እትዬ ስልክ ከቆመችበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ማየት ነበረበት።

ከጉብታው ሥር፣ በመንገዱ ዳር፣ መቶ ሰማንያ የእንጨት ሳጥን ተደርድሯል። በየሳጥኑ ትናንት ማምሻውን የተለቀመ ቀይ ቲማቲም አለ። በሳጥኖቹ ዙሪያ አርባ የሚሆን ሰው ቆሞ ግማሹ መንገዱ የሚታጠፍበትን ቦታ ያያል፤ ግማሹ ቀና ብሎ ጉብታውን፣ ጉብታው ላይ የተተከለውን ረጅም እንጨት፣ እንጨቱ ጫፍ ላይ የሚውለበለበውን ነጭ ጨርቅና ከጨርቁ ሥር የቆመችውን ሴት ያያል። መኪናው የለም። ጎህ ሲቀድ መድረስ የነበረበት መኪና፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ጤዛው ደርቆ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖም የለም።

እትዬ ስልክ ሞባይሏን ከራሷ በላይ አነሳች። ወደ ምሥራቅ ዞረች፤ ወደ ምዕራብ ዞረች፤ ድንጋይ ላይ ወጣች። ምንም። ማዶ ባለው ኮረብታ ላይ የኔትወርኩ ማማ አንገቱን አስግጎ ቆሟል። መቆሙንስ ቆሟል። ባትሪው ከሞተ ግን አምስት ወሩ ነው፤ ቀን ቀን በፀሐይ ጉልበት ለአንድ ለሁለት ሰዓት ይነቃና ተመልሶ ያሸልባል። ባትሪ እንዲቀየርለት ሦስት ጊዜ ተጽፎ፣ ሦስት ጊዜ «በሂደት ላይ ነው» ተብሏል።

እትዬ ስልክ የእናት የአባቷ ስም አይደለም። የእናት የአባቷን ስም የሚያስታውሱት የቀበሌው መዝገብና ታናሽ ወንድሟ ብቻ ናቸው። ሞባይል የሚባል ነገር ሳይመጣ፣ መንደሩ አንዲት የስልክ ቤት ነበረችው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ጥቁር ስልክ። በዚያች ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ስልክ ያነሳችው እሷ ናት። የተወለደ በእሷ ጆሮ ይወለዳል፤ የሞተም መርዶው በእሷ አፍ ይነገራል። ለሁሉም መልእክት ቅጽ ነበረው። የቅጹ የመጀመሪያ መስመር «የላኪው ስም» ይላል። ያ መስመር ባዶ ከሆነ መልእክቱ ከመስኮቷ አይወጣም ነበር፤ የሚለምን ቢለምን፣ የሚሳደብ ቢሳደብ። ሞባይል መጣና የስልክ ቤቱ ተዘጋ። ቁልፉን አስረከበች፤ ስሙን ግን የሚረከባት ጠፋና እንደያዘችው ቀረች።

ቲማቲሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ድልድዩ ሳይሠራ በፊት በዚህ አገር ለገበያ ቲማቲም እተክላለሁ የሚል ሰው ቢገኝ ዘመዶቹ ጠበል ይወስዱት ነበር። ምን ሊያደርገው? ከተማው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ቲማቲም ደግሞ እንደ እህል ጎተራ ገብቶ ዋጋ አይጠብቅም። ድልድዩ ተሠራ፤ ማማው ቆመ፤ የከተማው ነጋዴ መኪና ላከ። በስድስት ዓመት ውስጥ የሳር ክዳን ቆርቆሮ ሆነ። ሳጥን የሚሠራ አናጢ ሁለት ሠራተኛ ቀጠረ። ጋሪ ያለው ጋሪ ጨመረ። ሴቶቹ በራሳቸው ስም ማሳ ተከራዩ። አፈሩ የድሮው አፈር ነው፤ ውኃውም የድሮው ውኃ። ከተማ ውስጥ ተቀምጦ «የገበሬው ምርታማነት ዝቅተኛ ነው» የሚል ጥናት በሚያምር ሽፋን የሚያስጠርዝ ሁሉ ይህን አንድ መንደር መጥቶ ቢያይ፣ ገበሬው ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን መንገድና ወሬ አጥቶ እንደኖረ ለመረዳት ግማሽ ቀን አይፈጅበትም ነበር። ግን ማን ይመጣል?

አሠራሩ እንዲህ ነው። የበሰለ ቲማቲም ተክሉ ላይ ሁለት ቀን ይታገሣል፤ ከተለቀመ በኋላ ግን ትዕግሥት የሚባል አያውቅም። ስለዚህ መኪናው መምጣቱ ሳይረጋገጥ አይለቀምም። መንደሩ ጎድጓዳ ስለሆነ ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታው ላይ ብቻ ነው። እትዬ ስልክ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ጉብታው ላይ ትወጣለች። ሾፌሩ ደውሎ «ነገ ንጋት እመጣለሁ» ካላት ነጭ ጨርቅ ትሰቅላለች። «አልመጣም» ካላት ቀይ። ካልደወለ እንጨቱ ራቁቱን ያድራል። ከየትኛውም ማሳ ቀና ቢሉ እንጨቱ ይታያል፤ ነጭ ያየ ሁሉ ሳይጠይቅ መልቀም ይጀምራል። ስድስት ዓመት እንዲህ ነው የተሠራው። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፤ ያወጣችውም እሷው ናት፦ የሾፌሩን ድምፅ በጆሮዬ ሳልሰማ ጨርቅ አልሰቅልም።

ትናንት ሰቀለች።

ከሦስት ወር በፊት ጎርፍ የድልድዩን አንድ እግር በልቶት ነበር። መኪናው ሰባት ሰዓት በሚፈጅ ዙሪያ ጥምጥም መንገድ በሳምንት አንዴ ብቻ መምጣት ጀመረ፤ የጫነው ሁሉ ግማሹ እየፈረጠ ከተማ ይደርሳል። ገበሬው የጥገናውን ማለቅ እንደ ዝናብ ሲጠብቅ ከርሟል። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማማው ነቃና የእትዬ ስልክ ሞባይል ጮኸ። «የወንዙ ድልድይ ጥገና ተጠናቆ ከዛሬ ጀምሮ ለማንኛውም ተሽከርካሪ ክፍት መሆኑን በደስታ እንገልጻለን። የመንገድ ጽሕፈት ቤት።» ለሾፌሩ ልትደውል ስትል ደመና ፀሐይዋን ሸፈናት፤ ማማውም አሸለበ።

ታናሽ ወንድሟ ያን ጊዜ እያለከለከ ጉብታው ላይ ደረሰ። ጉብታውን እየወጣ ሳለ መልእክቱ ለእሱም ገብቶለታል።

«እቴ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ድምፁን።»

«መንግሥት ጽፎ ልኮልሽ የሾፌር ድምፅ ትጠብቂያለሽ?»

«መንግሥት ቲማቲም አይጭንም።»

ወንድሟ ሳቀና ወዲያው ሳቁን ዋጠው። የማሳው ቲማቲም ነገ ሳይለቀም ከዋለ እንደሚፈነዳ፣ የጎረቤቱም እንደዚያው እንደሆነ፣ ነጋዴው ድልድዩ በተከፈተ ማግስት መኪና እልካለሁ ብሎ ለገበሬዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር ቃል እንደገባ ነገራት። ሁሉም እውነት ነበር። እሷም ይህን ሁሉ ታውቃለች። ሞባይሏን ደግማ አየች፤ «የመንገድ ጽሕፈት ቤት» ይላል። በስልክ ቤት ዘመኗ ከቢሮ የመጣ መልእክት ሐሰት ሆኖባት አያውቅም፤ ከቢሮ በመጣው መልእክት ላይ ሁልጊዜ አንድ ሰው ፈርሞበታል። እጇ ወደ ከረጢቷ ሄደ። ነጩን አወጣች።

ያ ነው ጥፋቷ። ሌላ የለም።

አሁን ወንድሟ ትናንት በሮጠበት መንገድ ዛሬ እየተጎተተ ወጣ። አጠገቧ ቆሞ ሳጥኖቹን እንጂ እሷን አላየም።

«ምን ይላሉ?» አለችው።

«ምን ይላሉ ትያለሽ? አባ ለምን እንኳ ዛሬ ለምን አላሉም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ብለው ተቀመጡ።»

አባ ለምን ነገር ሁሉ ላይ «ለምን?» የሚሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ስማቸውም ከዚያ የመጣ ነው። ተረቱ ቢያማትም ልክ ነው፤ ሲሉ ሰምታ ነው። ወንድሟ የቀረውንም ነገራት። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሰውን ለማብረድ ብለው፣ ማታ ስብሰባ ይደረግና እንጨቱ ለማን እንደሚሰጥ ይወሰናል ብለዋል። ክፉ ሰው ስላልሆኑ አንገታቸውን ደፍተው ነው ያሉት። ግን ብለዋል።

እትዬ ስልክ ገመዱን ፈታች። ነጩን ጨርቅ አወረደች፤ አጥፋ፣ ደግማ አጥፋ፣ ከቀዩ ጋር ከረጢቷ ውስጥ ከተተችው። ስድስት ዓመት ያንን ጨርቅ ስታጥብ፣ ሲቀደድ ስትሰፋ ኖራለች። አንድም ቀን ክፍያ ጠይቃ አታውቅም። መንደሩ በእሷ ጆሮ መስማቱ ይበቃት ነበር።

«ወዴት ነሽ?» አላት ወንድሟ።

«ድልድዩ ጋ። በዓይኔ ላየው ነው።»

«ብቻሽን?»

«በጆሮዬ ያልሰማሁትን ሰቅዬ አይደል እዚህ የደረስነው? ቢያንስ በዓይኔ ልየው። አንተ ሳጥኖቹን ጥላ ሥር አስገባ፤ ጆንያ አርጥባችሁ አልብሷቸው።»

ድልድዩ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ደረሰች። መጀመሪያ ያየችው ከድልድዩ መደገፊያ ብረት ላይ የተንጠለጠለ የሪባን ቁራጭ ነው። ቀጥሎ የድንኳን ካስማ፤ ቀጥሎ የደረቀ አበባ፤ የውኃ ፕላስቲኮች። ከዚያ በኋላ ነው በርሜሎቹን ያየችው። ድልድዩ መግቢያ ላይ ሦስት በርሜል በድንጋይ ተሞልተው ቆመዋል፤ ማዶም እንዲሁ። ከመካከለኛው ላይ በቀለም የተጻፈ ሰሌዳ ተደግፏል፦ «ከሁለት ቶን በላይ ማለፍ ክልክል ነው።»

ጥበቃው በርሜሉ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያራግፋል።

«ተከፍቷል አላሉም እንዴ?» አለችው።

«ተከፍቷል እኮ። ትናንት አራት ሰዓት ላይ ተከፈተ፤ አምስት ሰዓት ላይ ዘጋነው።»

«እንዴት ያለ መከፈት ነው?»

ጥበቃው ጫማውን አጠለቀና ያየውን በዝግታ ነገራት። ኃላፊዎቹ በሁለት ትንንሽ መኪና መጥተው፣ ሪባን ቆርጠው፣ ማዶ ተሻግረው፣ ዞረው ተመለሱ። ተጨበጨበ። ከሄዱ በኋላ መሐንዲሱ ቀረና በርሜሎቹ ወደ ቦታቸው ይመለሱ አለ። ሲሚንቶው የፈሰሰው ባለፈው ሳምንት ነው፤ ጭነት ለመሸከም ሃያ ስምንት ቀን ያስፈልገዋል። «ይህንኑ ለአለቆቹም ነግሯቸዋል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለ ጥበቃው። «የሚያልፈው ግን የእነሱ መኪና ስለሆነ አልቸገራቸውም።»

እትዬ ስልክ የድልድዩን አዲስ እግር አየችው። ገና ግራጫ ነው፤ እርጥበቱ አልለቀቀውም። ቲማቲሙ በስሎ፣ ድልድዩ ጥሬ ሆኖ ተገናኙ። ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ግን ጥበቃው ላይ መጮህ ግፍ ነው። ጥፋት የሌለበት ሰው ላይ የሚጮህ መቼም አልጠፋም።

ያን ጊዜ ከማዶ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ። ረጅም፣ እንደ በሬ የሚያገሳ ጥሩምባ። ቀና ብላ አየች፤ ሰማያዊ የጭነት መኪና፣ ባዶውን፣ ፊቱን ወደ ድልድዩ አዙሮ ቆሟል። ሾፌሩ፣ ሰው ጥሩምባ እያለ የሚጠራው ያው የስድስት ዓመት ሾፌራቸው፣ በእግሩ እየሮጠ ድልድዩን ተሻግሮ መጣ።

«እትዬ! ሞተሽ ነው እንዴ ብዬ ነበር። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ እደውላለሁ። ያቺ ‹የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አልቻልንም› የምትለዋ ሴት አለች አይደል? ከሚስቴ ይልቅ ከእሷ ጋር አወራሁ።»

«አንተም ሰምተህ ነው የመጣኸው?»

«በሬዲዮ። ተከፈተ ሲሉ ነጋዴው በሌሊት ተነስ አለኝ። መጥቼ ይኸው በርሜል ጠበቀኝ። ትናንት እመጣለሁ ልልሽ ደወልኩ፤ ዛሬ ደግሞ ካልለቀማችሁ አትልቀሙ ልልሽ።»

«ለቅመናል» አለች።

ጥሩምባ ባርኔጣውን አወለቀ። ስንት ሳጥን እንደሆነ ጠየቃት፤ ነገረችው። በዙሪያ ጥምጥሙ ልምጣ ቢል ማታ ይደርሳል፤ ጭኖ ከተማ የሚገባው ነገ ቀትር ላይ ነው። ያን ጊዜ ሳጥን ሙሉ ጭማቂ ነው የሚያወርደው። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። በርሜሎቹን ተመለከቱ።

እትዬ ስልክ ወደ ጥበቃው ዞረች። «ሰውስ? ሰው ቢሻገር ክልክል ነው?»

«ሰው ምን ይከብዳል? እኔ የታዘዝኩት ስለ መኪና ነው።»

«ሳጥን የተሸከመ ሰውስ?»

ጥበቃው ሰሌዳውን ዞር ብሎ አነበበው፤ ለራሱ አስልቶ ሳቅ አለ። «ሁለት ቶን የምትመዝኚ ከሆነ አላሳልፍሽም።»

በዚያ በኩል የሚያልፍ አንድ ባለሞተር አስቁማ ከኋላው ተፈናጠጠች። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መንደሩ ገባች። ከሞተሩ ሳትወርድ ነው የተናገረችው፤ ድልድዩ ዝግ ነው፣ መኪናው ማዶ ቆሟል፣ ጋሪ ያለው ሁሉ ጋሪውን ይጫን፣ ጋሪ የሌለው በአህያ፣ አህያ የሌለው በትከሻው። የሁሉም ፊት፣ ነጭ ጨርቅ የሰቀለችው ሴት ዳግም ምን ትላለች የሚል ነበር። አባ ለምን ከጥላው ሥር ተነሱ።

«ለምን እናምንሻለን?» አሉ።

«አያምኑኝ፣ አባቴ። ዛሬ በዓይኔ አይቼ ነው የመጣሁት፤ ያላመነ ከሳጥኑ ጋር ሄዶ ይየው።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የሳጥኑን አንድ ጎን ያዙና ወንድሟን በዓይናቸው ጠሩት። ሌላውን ጎን ያዘ።

አሥር ጋሪ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። ጋሪ በተንገጫገጨ ቁጥር ከታች ያሉት ሳጥኖች ያለቅሳሉ፤ መንገዱ ላይ ቀይ ጠብታ እየጣሉ ነው የሄዱት። ድልድዩ ላይ ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰለፈ። ሳጥን ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ሴቶቹ ከወንዶቹ ይፈጥናሉ፣ ወንዶቹ ጡንቻ ይቀድማል ብለው ይፎክራሉ፣ ሴቶቹ ሳጥኑን ጡንቻችሁ ሳይሆን እጃችሁ ይቀበለው ብለው ይመልሳሉ። ማዶ ጥሩምባ መኪናው ላይ ቆሞ እየተቀበለ ይደረድራል፤ የፈረጠውን ለይቶ በሐዘን ያወርዳል። ከሳጥኖቹ ሃምሳው ለመጫን አልበቁም። ከወንድሟ አሥራ አንድ ሳጥን አራቱ ብቻ ተረፉ። ወንድሟ የቀሩትን ሰባቱን አንድ በአንድ ወንዙ ዳር ገለበጣቸው። ቀና ብሎም አላያትም። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ስምንት ሰዓት ሊሞላ ሲል ሁለት ነጫጭ መኪና መጥተው በርሜሉ አጠገብ ቆሙ። ከአንደኛው የመንገድ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወረዱ፤ ሙሉ ልብስ፣ ያልተቧጨረ ጫማ። ከሌላው አንዲት የሬዲዮ ጋዜጠኛ ማይክሮፎኗንና ሽቦዋን ይዛ ወረደች። ለካስ «የድልድዩ ተጠቃሚዎች ምን ይላሉ?» የሚል ፕሮግራም በቀጥታ የሚተላለፍበት ሰዓት ኖሯል። ኃላፊው ድልድዩ ላይ የተሰለፈውን ሕዝብ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደውን ሳጥን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ይኸውላችሁ» አሉ ለጋዜጠኛዋ። «ምርቱ እየተሻገረ ነው።»

የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። ይህኛው ግን ሞኝም አልነበረም፤ የሚልሰው እያወቀ ነው።

ሊቀመንበሩ ከኃላፊው ጋር ጥግ ይዘው ጥቂት ተነጋገሩ። ከዚያ ላባቸውን እየጠረጉ ወደ እትዬ ስልክ መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከመንደሩ አንድ ሰው በሬዲዮ ይናገር ተብሏል። በስልክ ቤት ዘመኗ አፏ የተባ ስለነበር እሷ ብትናገር ይሻላል። ብዙ አይደለም፤ ድልድዩ በመጠገኑ መንደሩ እንዳመሰገነ ብቻ።

«ማመስገን?»

«አንቺ ሴት፣ ስሚኝ። የማማውን ባትሪ በዚህ ወር አስቀይራለሁ ብለውኛል። አፋቸውን ሞልተው። አንድ ቃል ነው፤ ምን ይጎድልብናል? የማታውን ስብሰባም እኔ አበርደዋለሁ። እንጨቱም ካንቺ አይወጣም።»

እትዬ ስልክ ሰውየውን አየቻቸው። አይዋሹም። ባትሪው ቢቀየር ለመንደሩ ሕይወት ነው። እንጨቱ ደግሞ የእሷ ሕይወት ነው። አንድ ቃል ነው። ወንዙ ዳር ወንድሟ ባዶ ሳጥኖቹን እየደራረበ ነበር፤ እጁ እስከ ክርኑ ቀልቷል።

ጋዜጠኛዋ ማይክሮፎኑን አቀረበችላት። ቀጥታ ስርጭት መሆኑን፣ ሳትፈራ እንድትናገር ነገረቻት። ሰልፉ ሁሉ ሳጥኑን እንደያዘ ቆመ። ኃላፊው እጃቸውን ኋላ አጣምረው ፈገግ አሉ።

«እናቴ፣ ድልድዩ በመከፈቱ ምን ተሰማችሁ?»

እትዬ ስልክ ከረጢቷን ከፈተች። ነጩን ጨርቅ አወጣችና ዘረጋችው።

«ይህ ጨርቅ ሲሰቀል የኛ መንደር ቲማቲም ይለቅማል» አለች። ድምፅዋ የስልክ ቤቱ ድምፅ ነበር፤ ቀስ ያለ፣ እያንዳንዱን ቃል ለይቶ የሚያወጣ። «ትናንት ሰቀልኩት። ሕጋችን የሾፌሩን ድምፅ ሳልሰማ እንዳልሰቅል ነው፤ እኔ ግን ሳልሰማ ሰቀልኩ። ሃምሳ ሳጥን ወንዝ ዳር ተደፍቷል። ከዚያ ውስጥ የወንድሜ አለበት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ለመንደሬ በዚህ ሰው ሁሉ ፊት ጥፋቴን ተናግሬያለሁ። ማታ እንጨቱን ለሌላ ቢሰጡት አልቀየምም።»

ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጋዜጠኛዋ ማይክሮፎኑን ልታነሳ ፈልጋ ሳታነሳው ቀረች።

«አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ» አለች እትዬ ስልክ ወደ ኃላፊው ዞራ። «ድልድዩ ለማንኛውም ተሽከርካሪ ክፍት ነው የሚል መልእክት ደርሶናል። በርሜሉ ግን ከሁለት ቶን በላይ አይለፍ ይላል። መኪናችን ማዶ ቆሞ፣ ይኸው፣ እኛ ነን ድልድይ የሆንነው። መልእክቱን ማን ጻፈው?»

ኃላፊው ፈገግታቸውን አልጣሉትም። የጥገናው ሥራ በእርግጥ መጠናቀቁን፣ የቀረው የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ መሆኑን፣ መልእክቱም ከሥርዓቱ በራሱ የወጣ መሆኑን አስረዱ። ወደ ጋዜጠኛዋም ጠጋ ብለው ወደ ሌላ ተናጋሪ ብንሄድ አሉ።

«ሥርዓት እጅ የለውም» አለች እትዬ ስልክ። «የጻፈው ሰው ነው።»

ከሰልፉ ውስጥ አንድ የደከመ ድምፅ ተሰማ። የአባ ለምን ነበር። ሳጥን እንዳቀፉ ናቸው።

«ለምን አይነግረንም?» አሉ።

ወንድሟ የያዘውን ባዶ ሳጥን መሬት አኑሮ መጣና ከጎኗ ቆመ። እትዬ ስልክ ጨርቁን አጥፋ ክንዷ ላይ አደረገችው። ማይክሮፎኑን ከጋዜጠኛዋ እጅ በእርጋታ ተቀብላ ኃላፊው አፍ አጠገብ ያዘችላቸው።

«አሥራ አንድ ዓመት የስልክ ቤት ሠርቻለሁ። የላኪው ስም ያልተጻፈበት መልእክት በእኔ እጅ አልፎ አያውቅም፤ ትናንት አለፈ። የሰቀልኩት እኔ ነኝ ብዬ በራሴ አፍ ተናግሬያለሁ። የላኪው መስመር ግን እስካሁን ባዶ ነው። አገር እየሰማ ነው፤ ይመልሱልን። ላኪው ማን ነው?»